ገና ልጅ ነው ያልኩት ቦይለር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ይህን ቦይለር አራተኛ ፎቅ ድረስ ብቻዬን በጀርባዬ አዝዬ ነው ያወጣሁት። አንዴ እንኳ አላረፍኩም። እሺ... ጎረቤቴ ኑሪ ከታች ደግፎኛል። ሁለተኛው ፎቅ ላይም ትንሽ ቆመናል፤ ግን እሱ ስለደከመው ነው። ዕድሜውን ሙሉ አውሮፕላን ማረፊያ ካርጎ ውስጥ ጭነት የተሸከመ ጀርባ በአንድ ቦይለር ይንበረከካል? አይንበረከክም።

ይህን ለምን እጽፋለሁ? ስለተናደድኩ። የማታ ክፍል መምህራችን ሲያሰናብቱን «የተማራችሁት እንዳይጠፋባችሁ ለራሳችሁ ትንሽ ትንሽ ጻፉ፤ ስለፈለጋችሁት ነገር» ብለውናል። ሌላው ሰው ስለ ልጅነቱ ይጽፋል፣ ስለ ፍቅር ይጽፋል። እኔ ስለ ቦይለር።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ አበባ ስንጭን ዋልን። አበባው ከማቀዝቀዣው ክፍል ሲወጣ ብርዱን ይዞ ነው የሚወጣው። የጫኞቹ ካቦ ብሆንም እጄን ኪሴ ከትቼ አላዝም፤ አብሬ እሸከማለሁ። ቤት ስገባ ጣቶቼ የኔ አይመስሉኝም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሙቅ ውሃ። ቧንቧውን ከፈትኩ። መጀመሪያ ሳለ... ከዚያ ቀይ ውሃ ተፋ... ከዚያ ለብ ያለ ነገር። ከራሴ በላይ ደግሞ ድስት ውስጥ ጠጠር የሚቀቀል ይመስል ይንገጫገጫል።

ባለቤቴ አዝመራ ከበሩ ውጭ ሆና ጀመረችኝ።

«ሞቷል ስልህ አትሰማም።»

«አልሞተም። ጉሮሮውን እየጠረገ ነው።»

«ማራናታ እሑድ ትመጣለች። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ እየመጣች በምንድነው የማጥባት? በዚህ በቀይ ውሃ? ቀይረው!»

«ጣሊያን የሠራው ዕቃ ነው፣ አዝመራ።»

«ጣሊያንም ይሞታል!»

ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ገባ። መልስ አልሰጠኋትም። መልስ አጥቼ አይደለም... ሳሙናው ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ዛሬ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦይለር አነበብኩ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አዝመራ ጠዋት «አርጅቷል»፣ ማታ «አርጅቷል»። ማን ነው የልደት ቀኑን የነገራት? እኔ ግን አሁን የማነብ ሰው ነኝ። በርጩማ አምጥቼ ወጣሁ። ከሆዱ ሥር የተለጠፈች ትንሽ የብረት ጽሑፍ አለች። በጨርቅ ወለወልኳት። ምን አገኘሁ? ፊደሉ የፈረንጅ! ያን ሁሉ ወር ሀ ሁ ስል ከርሜ...

ግን ቁጥር ቁጥር ነው። ቁጥር አገር የለውም። 80 ይላል፤ ሊትሩ ነው። 1200 ይላል፤ እሱን ተውኩት። ከታች ደግሞ ጥርት ብሎ... 2012።

ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት! እዚህ ሰሚት ኮንዶሚኒየም የገባነው መቼ ነው? በ2012። አትላስ ጋ የሚፈርስ እንግዳ ማረፊያ ዕቃውን ሲሸጥ ይህን ቦይለር የገዛሁት መቼ ነው? በ2012። ሻጩ «አባት፣ ዓመት እንኳ አልሠራ» ሲለኝ አዝመራ «አጭበረበረህ» ብላ ስንት ጊዜ ስቃብኛለች። ይኸው ብረቱ ራሱ መሰከረ። ዘንድሮ 2017 ነው። አምስት ዓመቱ! አምስት ዓመት ለቦይለር ምንድነው? ገና መዋዕለ ሕፃናት የሚገባ ልጅ።

አዝመራን ጠርቼ አሳየኋት። በርጩማው ላይ እንድትወጣ ሁሉ እጇን ያዝኩላት። አየችው።

«ቁጥሩ እውነት ይሆናል» አለች። «ውሃው ግን ቀይ ነው።»

ይህች ሴት በማስረጃ አታምንም።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ማራናታ መጣች። ሆዷ ከሷ ቀድሞ ነው በሩን የገባው። ባሏ እዝራ ሁለት ሻንጣ፣ የሕፃን አልጋና አንድ ካርቶን ፓስታ ይዞ ተከተላት። ፓስታው ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ልጄን አቅፌ ወንድ ልጅ ነው፣ ሴት ልጅ ናት ስንል ደስ ብሎኝ ነበር። እስከ ምሳ ድረስ። እዝራ እጁን ታጥቦ ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል።

«ጋሼ... ውሃው ከለር አለው።»

«ትንሽ ነው። ሲፈስ ይጠራል።»

«ጎግል አድርጌ ነበር። የቦይለር ላይፍ ታይም ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ነው ይላል። የአካባቢው ውሃ ከባድ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ቀይ ውሃ፣ ድምፅ፣ ቶሎ አለመሞቅ... እነዚህ ሁሉ ሳይን ናቸው።»

አዝመራ ወጡን ስታወጣ ጭልፋው ድስቱ ላይ ቀረ። ጆሮዋን ሰጥታለች።

«አምስት ዓመቱ ነው» አልኩ።

«አምስት? እንዴት አወቁ?»

«አንብቤ።»

 እንጀራዬን ጎረስኩ። ይህን አንድ ቃል ለማለት ሃምሳ አራት ዓመት ጠብቄያለሁ።

«አምስት ከሆነማ ገና ነው» አለ እዝራ። «ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንሱ ይሆናል ችግሩ።» ቢሮ የሚሠራ፣ ኮምፒውተር ፊት የሚውል ሰው ነው። እሱ ካመነ ማን ይከራከራል?

አዝመራ ትከራከራለች። «እናንተ ሁለታችሁ አንብቡ» አለች። «እኔ ድስቱን አዘጋጃለሁ።»

ማራናታ «አባዬ፣ በድስት ብታፈላልኝ ምን አለበት? አትጨቃጨቁ» አለችኝ። በኔ ቤት! የኔ ልጅ! በድስት!

ሰኞ፣ ኅዳር 9

መብራት የለም። ቦይለሩ ቢያንስ ዛሬ የኔ ጥፋት አይደለም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

አሁን ደግሞ ማንጠባጠብ ጀመረ።

ከቦይለሩ ግርጌ፣ ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል፣ አፏ ወደታች የሆነ ጣት የምታክል ነገር አለች። እስከ ዛሬ ምን እንደምትሠራ ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም። ቦይለሩ ሲበራ ጠብ... ጠብ... ጠብ። አዝመራ ሥሯ ቆርቆሮ አስቀመጠች። ሆን ብላ ነው ቆርቆሮ ያደረገችው፤ ፕላስቲክ ሞልቶ። ቆርቆሮው ይጮሃላ! ሳሎን ተቀምጬ ዜና ልሰማ ብል ጠብ። ልጸልይ ብል ጠብ።

ኑሪ ጋ ወረድኩ። ምድር ቤት ሱቅ አለው፤ ከምስማር እስከ ብስኩት ይሸጣል። ነገርኩት።

«ሸሪፋን ልላክልህ» አለኝ። ልጁ ናት። ቴክኒክና ሙያ ተምራ ቧንቧና ኤሌክትሪክ ትሠራለች። ትልልቅ ሕንፃ ላይ።

«ለጠብታ ነው ሸሪፋን የምጠራት?»

«ለጠብታ ካልሆነ ለጎርፍ ልትጠራት ነው?»

«ኑሪ፣ እኔ አውሮፕላን የምጭን ሰው ነኝ።»

«አውሮፕላን ጭነህ ታውቃለህ፤ አውሮፕላን ጠግነህ ታውቃለህ?»

ሱቁ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ሰው ፊት እንዲህ ይባላል? ብሎን ገዝቼ ወጣሁ። የትኛው ልክ እንደሚሆን ስለማላውቅ የተለያየ ገዛሁ... ማለት፣ አስቤበት ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ዘጋኋት! አንዱ ብሎን ልኳ ሆነ። ነጭ የቴፍሎን ጥብጣብ ጠመጠምኩበት፣ በፒንሳ አጠበቅኩት። ዝም። ቆርቆሮውን አንስቼ አዝመራ ፊት ባዶውን ገለበጥኩት።

«ምን አደረግከው?»

«ሥርዓት አስያዝኩት።»

ቆርቆሮውን ተቀብላ በሩ ጥግ አስቀመጠችው። አልጣለችውም፤ ይሄ ራሱ ያናድዳል።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ሴት!!! ማራናታ በሰላም ተገላገለች። ክብር ለጌታ ይሁን። ጣቶቿ ረጃጅም ናቸው። ጭነት ትይዛለች ብዬ ነበር፤ እዝራ ፒያኖ ነው አለ። ስሟ ፍሬ።

እኔ አያት ሆንኩ። እዚህ ላይ ብዙ መጻፍ ነበረብኝ... እጄ እምቢ አለ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ቤቱ የሰው መንጋ ነው። የቤተክርስቲያን እህቶች በየተራ ይመጣሉ፤ ይጸልያሉ፣ ይዘምራሉ፣ አጥሚት ያማስላሉ። ሁሉም ከመጸለያቸው በፊትም ከጸለዩም በኋላም እጃቸውን ይታጠባሉ። ሁሉም ሙቅ ውሃ ይላሉ።

እኛ ቤት ቦይለር የሚበራው ሰው ሊታጠብ ሲል ነው። ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ይበራል፣ ታጥበህ ስትወጣ ታጠፋለህ። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ዛሬ ግን አዋጅ አወጅኩ። «አራስ ያለበት ቤት ሙቅ ውሃ አይቋረጥም። ይህን ማጥፊያ ማንም እንዳይነካ!» ማጥፊያው ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ ግድግዳው ላይ ነው። በእስክሪብቶ ጻፍኩ፣ በፕላስተር ለጠፍኩበት፤ «አይነካም። ላጲሶ።» አንዷ እህት አንብባ «ወይ ጋሽ ላጲሶ፣ ጽሕፈትዎ እንዴት ያምራል!» አለችኝ። ደጋግማ ነው ያለችው።

አዝመራ ጓዳ ጠራችኝ።

«ቀኑን ሙሉ በርቶ መዋል የለበትም። ድምፁ ተለውጧል።»

«ሥራ በዝቶበት ነው። አንቺስ ሥራ ሲበዛብሽ ድምፅሽ አይለወጥም?»

«ላጲሶ... ልጅቷን የማጥባት እዚያ ሥር ነው።»

«አምስት ዓመቱ ነው አልኩሽ እኮ!»

ጮክ አልኩ መሰለኝ። ሳሎን መዝሙሩ ቆመ።

እርግጥ ነው፣ ሳፋው ሁልጊዜ ከቦይለሩ ሥር ነው የሚቀመጠው። ሌላ ቦታ የለም። የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት... እጅህን ብትዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ ትነካለህ።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

 ዛሬ የሆነውን እጽፋለሁ።

ዕረፍት ወስጄ ቤት ነበርኩ። ረፋዱ ላይ አዝመራ ፍሬን ልታጥባት ገባች። እኔ በሩ ላይ ፎጣ ይዤ ቆምኩ። ፍሬ ሳፋው ውስጥ እግሯን ታወራጫለች፤ ደስ ይላል። አዝመራ በግራ እጇ ደግፋት፣ ባልዲው ውስጥ ሙቅ ውሃ ልትጨምር ቧንቧውን ከፈተች።

ውሃ አልመጣም። እንፋሎት ጮኸ። እንደ ባቡር። አዝመራ እጇን ሰበሰበች፤ አንጓዋ ላይ ተቃጥላለች። ቦይለሩ ከላይ ሆዱ ይንቀጠቀጣል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቧንቧ ሰው በመዶሻ የሚመታው ይመስል ያንኳኳል። ከዚያ ልስኑ መርገፍ ጀመረ... ሳፋው ውስጥ። ልጅቷ ላይ።

ፎጣውን ወርውሬ፣ በአንድ ዝላይ ማጥፊያውን ቀጭ! አጠፋሁት። «ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!» አልኩ።

ወረድን። አራሷ በጋቢ ተጠቅልላ፣ ፍሬ አዝመራ ጉያ ውስጥ፣ የቤተክርስቲያን እህቶች «በኢየሱስ ስም!» እያሉ፣ አንዷ የአጥሚት ማማሰያ እንደያዘች። አራተኛ፣ ሦስተኛ፣ ሁለተኛ... ጎረቤቱ ሁሉ በር ከፍቶ ያየናል። ኑሪ ቤት ገባን። ሚስቱ አልጋዋን ለማራናታ ለቀቀችላት።

ሸሪፋ በስልክ «ቆጣሪው ጋ ያለውንም አጥፉት። እስኪቀዘቅዝ ማንም እንዳይወጣ፤ ወላሂ ማንም!» አለች።

ፍሬ ምንም አልሆነችም። ፀጉሯ ላይ የነበረውን ልስን አዝመራ አንድ በአንድ ለቀመችላት። እኔን አላየችኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ሸሪፋ ጠዋት መጣች። ቱታ ለብሳ፣ መሰላል በትከሻዋ። «ጋሼ፣ ጦርነቱ የቱ ጋ ነው?» አለች። ሳቅኩ። የሳቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ወጣች፣ በስልኳ መብራት ከሥሩ አየች። ብዙ ጊዜ ቆየች።

«ይሄን ብሎን ማን ነው እዚህ ያደረገው?»

እዝራ አየኝ። ማራናታ ኑሪ ቤት ናት እንጂ እሷም ታየኝ ነበር። አዝመራ ግን ወለሉን ነው የምታየው።

«እኔ።»

«ለምን?»

«ያንጠባጥብ ነበራ!»

«ጋሼ፣ ሥራዋ እኮ ነው ማንጠባጠብ! ውሃ ሲሞቅ ያብጣል። የሚተርፈው በዚህች ይወጣል። ሴፍቲ ቫልቭ ናት። እርስዎ አፏን ሰፍተው ቀቀሏት!»

«ሌላ ጊዜ አታንጠባጥብም ነበር።»

«አታዩትም እንጂ ነበር። ግማሽ ሰዓት አብርታችሁ ስታጠፉት መቼ ይበዛል? ደግሞ ቴርሞስታቱ ተበላሽቷል፤ ሞቀ ብሎ ራሱን ማጥፋት አቁሟል። እርስዎ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አበሩት።» ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን አነበበችው። «‹አይነካም።› ያ ረቢ!»

 የመጨረሻ መከላከያዬን አወጣሁ።

«ግን እኮ አምስት ዓመቱ ነው።»

«ማን አለ?»

«ተጽፏል። 2012።»

ስልኳን አስጠግታ አነበበች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። ሳቅ ይመጣል ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። እሱ ነው የባሰው።

«ጋሼ... ይሄ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በኛ ሁለት ሺህ አራት፣ ቢበዛ አምስት ነው። ጣሊያን በኛ ካላንደር ቦይለር ይሠራል እንዴ? አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው።»

እዝራ ግንባሩን መታ። «እኔ ራሴ! ቢሮ ቀኑን ሙሉ ከነሱ ወደኛ፣ ከኛ ወደነሱ ስቀይር እየዋልኩ...»

አሥራ ሁለት ዓመት! እንግዲህ ያ የአትላሱ ሰውዬ «ዓመት አልሠራ» ያለኝ ዕቃ ሰባት ዓመት የእንግዳ ማረፊያ እንግዳ ሲያጥብ የኖረ ነው። ሌሊትና ቀን። እኔ ደግሞ መዋዕለ ሕፃናት ላስገባው ነበር።

ሸሪፋ አወረደችውና ሥሩን ከፈተች። የወጣው ነገር... ውሃ ልበለው? ጭቃ፣ ዝገት፣ በእፍኝ የሚዛቅ ነጭ ጠጠር። «ኖራ ነው» አለች። «የዚህ ሰፈር ውሃ የጉድጓድ ነው፤ ኖራው ብዙ ነው። የሚንገጫገጨው እሱ ነበር።» ከመካከሉ አንድ ቀጭን ሽቦ መዘዘች። «ይህች ደግሞ አውራ ጣት የምታክል ብረት ነበረች። ለዝገት የምትሰጥ ናት፤ ዝገቱ እሷን ሲበላ ውሃ የሚይዘውን ጋን ይተዋል። በሁለት በሦስት ዓመት መቀየር ነበረባት። እሷ ስታልቅ ዝገቱ ወደ ጋኑ ዞረ።»

«ቢበየድስ?» አልኩ።

«ሬዚስታንስ ቢቃጠል እቀይርልዎታለሁ። ቴርሞስታት፣ ቫልቭ፣ ይህች ብረት፣ ሁሉም ይቀየራል። ጋኑ ራሱ ከዛገ ግን አለቀ። እንኳን አሥራ ሁለት፣ በስድስት ዓመቱም ቢሆን ይጣላል።»

አዝመራ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጥያቄ ነው የጠየቀችው። «ትላንት ባይጠፋ ኖሮስ?»

ሸሪፋ ግድግዳውን አየች፣ ጣራውን አየች። «እትዬ... ይሄ ግድግዳ አይችለውም ነበር።»

ሁላችንም ሳፋውን አየነው። ሮዝ ነው። እዝራ ነው የገዛው። ጠርዙ ላይ የዳክዬ ሥዕል አለበት።

እሑድ፣ ኅዳር 22

አዝመራ አታናግረኝም። ለፍሬ ነው የምታወራው፤ እኔ እንድሰማ።

«አያትሽ ማንበብ ችለዋል፣ የኔ ቆንጆ። መስማት ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ይጀምራሉ።»

ቤተክርስቲያን ሄድኩ። ስብከቱ ስለ ትዕቢት ነበር። ማን ነው የነገራቸው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ገርጂ ቦይለር ልገዛ ከእዝራና ከሸሪፋ ጋር ሄድኩ። ሻጩ ፀጉሩን የተቀባ ልጅ ነው።

«አባት፣ ይሄ ዕድሜ ልክ ነው!»

«የማን ዕድሜ ልክ?»

«የርስዎ!»

«እኔ ስንት ዓመት እንደቀረኝ በምን አወቅክ? የሚበላው ብረት የታለ? ሴፍቲ ቫልቩ የታለ? የተሠራው መቼ ነው? በማን አቆጣጠር?»

ልጁ ሸሪፋን አየ። «አባትሽ መካኒክ ናቸው?»

«ተማሪዬ ናቸው» አለች። እዝራ በሳቅ ፈነዳ። የራሴ አማች። ምን አደርገዋለሁ?

ሦስት ሱቅ ዞርን። የመጀመሪያው ቤት ያለው ተቀምጦ የከረመ ነው፣ አቧራው ይናገራል። ሁለተኛው ቤት ብረቷ መኖሯን ሻጩ ራሱ አያውቅም። ሦስተኛው ጋ ገዛን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

ተገጠመ። አዝመራ አንድ ቃል ነው የተናገረችው። «ከሳፋው በላይ አይሰቀልም።» ከበሩ በላይ ተሰቀለ። ሸሪፋ ግድግዳውን ስትበሳ መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ መያዝ ብቻ! ምንም እንዳይነኩ!» እያለችኝ። እኔ! የጫኞች ካቦ!

አዲሱም ያንጠባጥባል። ሸሪፋ ከቫልቩ አፍ ቀጭን ጎማ ቀጥላ ወደ ወለሉ ፍሳሽ ወሰደችው። በየተወሰነ ጊዜ ከፈት አድርጌ መፈተን አለብኝ፤ እንዳይደርቅ። ጠብ... ጠብ... ጣቴን ያሳክከኛል። ፒንሳውን አዝመራ ደብቃዋለች።

ከጎኑ ወረቀት ለጠፍኩ። «የተገጠመው ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር። ብረቷ በ2019 ትታይ። ከስምንት ዓመት በኋላ ‹ገና ልጅ ነው› የሚል ቢኖር እንዳትሰሙት። ላጲሶም ቢሆን።»

አዝመራ «ምን ይላል?» አለችኝ። አነበብኩላት። ከንፈሯ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ታየ። ከዚያ መልሳ ያዘችው።

ሰኞ፣ ኅዳር 30

ማራናታና ፍሬ ከኑሪ ቤት ተመልሰው ሳምንት ሊሞላቸው ነው። ውሃው ጥርት ያለ፣ ጸጥ ያለ ነው። ሲሞቅ ድምፅ የለውም። ሁለቴ በርቶ እንደሆነ ሄጄ አየሁ። እዝራ «ጋሼ፣ ዝም ሲልም ይጨነቃሉ፣ ሲጮህም ይጨነቃሉ» አለኝ። ሲጮህ መቼ ተጨነቅኩ? ያን ጊዜ ብጨነቅማ ኖሮ...

የአዝመራን እጅ ቅባት ቀባሁላት። እጇን ዘርግታ ሰጠችኝ። እየሻረ ነው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 6

ከቤተክርስቲያን መልስ ኑሪ ሱቅ ደጃፍ ተቀመጥን። የብሎኩ ወንዶች ሁሉ አሉ። አንድ አዲስ ጎረቤት «የቦይለሩን ነገር ሰማሁ» አለኝ። ከዚያ በላይ መጎትጎት አላስፈለገኝም። ተነስቼ ቆሜ ነገርኩ። እንፋሎቱን በአፌ ሠራሁት፣ ቧንቧውን በኑሪ ጠረጴዛ አንኳኳሁት፣ ልስኑ ሲረግፍ የኑሪን ብስኩት ፈረፈርኩ።

«ከዚያ ምን አደረግክ?» አለ ሰውየው።

«ከዚያማ...»

አዝመራ ደረጃውን ትወርድ ነበር። የፍሬን ጨርቅ ልታሰጣ ሳፋውን ወገቧ ላይ ይዛለች። ቆመች። ሁሉንም እንደሰማች ገባኝ።

«ቀጥል እንጂ» አለችኝ። «ምን ሆንክ?»

በቁጣ አይደለም። በፌዝም አይደለም። እንዲያውም ደህና አድርጋ፣ ሰው እንደምታከብር አድርጋ ነው ያለችው። የያዝኩትን ብስኩት አደቀቅኩት። ኑሪ «ማጥፊያውን ዘለለበታ!» ብሎ ጨረሰልኝ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። አዝመራ ጨርቋን ይዛ ወደ ገመዱ ሄደች። ተቀመጥኩ። ብስኩቱን ከፈልኩ።

ሲያናድድ! ትዋሻለህ ብላ ብትሰድበኝ እኮ ተከራክሬ አሸንፋት ነበር። ቀጥል ትለኛለች!

ቤት ገብቼ ዓርብ ኅዳር 20 የጻፍኩትን አወጣሁት። ድሮ ሰው ነበር የሚያነብልኝ፤ አሁን ራሴ የጻፍኩትን ራሴ አንብቤ አፍራለሁ። ለዚህ ነው የተማርኩት?

እንፋሎቱ እውነት ነው። ልስኑ እውነት ነው። የአዝመራ እጅ እውነት ነው። ማማሰያውም ሳይቀር እውነት ነው። አንድ ነገር ብቻ ነው ከሆዴ ያወጣሁት። ማጥፊያውን ያጠፋሁት እኔ አይደለሁም። እሷ ናት። ፍሬን እርጥቧን በግራ ክንዷ ይዛ ወጣች፣ በትከሻዋ ገፋችኝ፣ የለጠፍኩትን «አይነካም» በክርኗ ደፍጥጣ አጠፋችው። «ውጡ» ያለችውም እሷ ናት።

ማጥፊያው ከጆሮዬ አጠገብ ነበር። እኔ ፎጣ ይዤ ቆሜ ነበር። ኑሪ ቤት ደርሰን ፎጣውን ከእጄ የወሰደችልኝ ማራናታ ናት።